በ2001 ዓ.ም. የአሳማ ጉንፋን ጊዜ፦ ሐምሌ ላይ ደሴ እንግባ ወይስ እንቅር?

የሆጤ ልጅ፣ ከአሜሪካ

ሰላም ለሁላችሁ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ምክር ፈልጌ ነው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከነቤተሰቤ ደሴ ልንገባ ቲኬት ከቆረጥን ቆይተናል። እናቴ የልጅ ልጆቿን ከፎቶ በቀር አይታቸው አታውቅም። በመሀል ይኼ የአሳማ ጉንፋን የሚሉት መጣ። የትልቁ ልጄ ትምህርት ቤት ግንቦት ላይ በዚሁ ምክንያት ተዘግቶ ነበር። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ሳል እንኳ የለባቸውም።

ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ሰፈራችን ሆጤ ገብቷል። እናቴ «ኑልኝ ብቻ፣ እኔን ምን ያገኘኛል» ትላለች። እህቴ ደግሞ ማታ ማታ ለብቻዋ እየደወለች «ጎረቤቱ ሁሉ ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው በሽታ ይዞ ነው የሚመጣው እያለ ነው፣ እማም አስሟ ተነስቶባታል» ትለኛለች። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ቲኬት ለማስቀየር የሚጠይቁት ገንዘብ ደግሞ አይቀመስም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

የኮምቦልቻ ልጅ፣ ከጅዳ

አብሽር ወንድሜ። እኔ የምሠራበት ቤት ማዳም ዜናውን ከሰማች ወዲህ ምግብ ስሠራ ማስክ አድርጊ ትለኛለች። እሷ ግን ልጆቿን ይዛ ገበያ ለገበያ ስትዞር ነው የምታመሸው። ማን ለማን እንደሚያመጣው አላህ ይወቀው።

የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። አባቴ ዘንድሮ ሐጅ ሊያደርግ ነው። ለዓመታት ሲያጠራቅም ኖሮ ገንዘቡ ገና አሁን ሞላለት። ሐጁ ኅዳር ላይ ነው። አባቴ ዕድሜው ገፍቷል፣ ስኳርም አለበት። ይቅርብህ ብዬ እንዴት አፌን ሞልቼ ልናገር? የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፣ ከለንደን

ኧረ እናንተ ሰዎች ተረጋጉ! የዛሬ ሦስት ዓመት የወፍ ጉንፋን ብለው ዶሮ አስጠሉን። የት ደረሰ? አሁን ደግሞ አሳማ ሆነ። የሚያራግቡት መድኃኒት የሚሸጡት ናቸው። ደግሞስ እኛ አሳማ አንበላ፣ ምን አገባን?

የፒያሳ ልጅ፣ ከቶሮንቶ

እኔ ሆስፒታል ውስጥ በነርስነት ነው የምሠራው። ሰሞኑን ስለዚህ ነገር ሳላወራ የዋልኩበት ቀን የለም። ትንሽ ባስረዝመው ይቅር በሉኝ።

ከለንደኑ ወንድሜ ልጀምር። ነጋዴ ማትረፉ አይቀርም፣ በእሱ አልከራከርህም። በሽታው ግን በሥጋ አይተላለፍም፣ ከሰው ወደ ሰው ነው። ግብፅ ሚያዝያ ላይ አሳማዎቿ በሙሉ እንዲታረዱ አዘዘች። ግንቦት ሳያልቅ በሽታው ገባባት። የመጀመሪያዋ ታማሚ ከአሜሪካ በአውሮፕላን የመጣች ልጅ ነበረች። አሳማ አለመብላት ለጽድቁ ይሆን እንደሆነ እንጂ ለጉንፋኑ አይረዳም። በዚህ በኩል ወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል ነው።

ሰውን ያስደነገጠው ወረርሽኙ «ደረጃ 6» ደረሰ የሚለው ወሬ ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ሰኔ 4 ቀን ነው ያወጀው። ከ6 በላይ ደረጃ የለም፣ ስለዚህ ሰው ዓለም ያለቀላት መሰለው። ደረጃው የሚናገረው በሽታው ምን ያህል እንደተሰራጨ ነው፣ ምን ያህል እንደሚገድል አይደለም። ድርጅቱ ራሱ ክብደቱን መካከለኛ ነው ያለው። ሰኔ 29 በወጣው ቆጠራ በላብራቶሪ የተረጋገጠላቸው ከ94 ሺህ በላይ ሰዎች ናቸው፣ የሞቱት 429። ቤቱ ተኝቶ የዳነው ሕዝብ ደግሞ ከዚህ ውስጥ የለም። አብዛኛው ሰው ያለ መድኃኒት ይድናል።

ነገሩ የሚከፋው ለተወሰኑ ሰዎች ነው። እዚህ ላይ የሆጤው ወንድሜ በደንብ አንብብልኝ። የተለመደው ጉንፋን አደጋው በአዛውንቶች ላይ ይበረታል። ይኼኛው ግን ወጣቱን ነው የሚያጠቃው። ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ብዙም አይያዙም፣ በልጅነታቸው ተመሳሳይ ነገር ሳያገኛቸው አልቀረም ይባላል። ከተያዙ ግን፣ በተለይ አስም፣ ስኳር ወይም የልብ በሽታ ካለባቸው፣ ቀላል አይደለም። እናትህ ስለ አስሟ ያሳስቡኛል። ከእናትህ ይልቅ የምፈራው ግን ለባለቤትህ ነው። ነፍሰ ጡሮች ላይ ይበረታል፣ በተለይ ወሯ ሲገፋ። እዚህ ትኩሳት ቢይዛት ለሐኪሟ ትደውላለች፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ታሚፍሉ ትጀምራለች። መድኃኒቱ ጥሩ የሚሠራው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። ደሴ ላይ ሌሊት ትኩሳት ቢነሳባት ማንን ልትቀሰቅስ ነው?

አሁን ደግሞ አቀባበላችንን አስቡት። በሽታው የሚጋባው በሳልና በማስነጠስ፣ ከዚያም በእጅ ነው። አንተ ከመኪና ሳትወርድ አክስትህ አንገትህን ይዛ በግራ፣ በቀኝ፣ እንደገና በግራ ትስምሃለች። እንባዋ ጉንጭህ ላይ ይቀራል። ልጆቹን ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበሏቸዋል። ሽማግሌው «እደግ፣ ተመንደግ፣ እንትፍ እንትፍ» ብለው ይመርቁሃል፣ ምራቁ ግንባርህ ላይ ሲያርፍ ይሰማሃል። ማታ ሁሉም በአንድ ትሪ ይቀርባል። ጉርሻ ደግሞ እምቢ አይባልም፣ አንድ ያጣላል እየተባለ ሁለተኛው ይከተላል። ሐምሌ ነው፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፣ በርና መስኮቱ ተዘግቷል፣ ከሰሉ ተያይዟል። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደህና መጣችሁ ሊል ሳሎኑ ውስጥ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። አንድ የሚያስል ሰው በዚህ መሀል ካለ አለቀ። ያ ሰው አንተ ልትሆን ትችላለህ። በሽታው ከመታየቱ አንድ ቀን ቀድሞም ይጋባልና «ደህና ነኝ» ማለትህ ዋስትና አይሆንም። የኤርፖርት ሙቀት መለኪያም ገና ያላተኮሰውን ሰው አይዝም።

ስለዚህ ጎረቤቶቻችሁ ዝም ብለው አይደለም የፈሩት። አትቀየማቸው።

በእኔ አስተያየት ባለቤትህና ልጆቹ ይቅሩ። ልጆች ከአዋቂ ይልቅ ለረጅም ጊዜ ቫይረሱን ያስተላልፋሉ። አንተ ብቻህን ከሄድክ ግን ይቻላል። ትንሽ እንኳ ትኩሳትና ሳል ካለህ ከጀመረህ 7 ቀን ሳያልፍ አውሮፕላን አትግባ፣ ቲኬቱ ይቃጠል። አዲስ አበባ ስትደርስ በዚያው ምሽት ደሴ ካልገባሁ አትበል። አንድ ሳምንት እዚያው ቆይ። የሚታመም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ቀን ውስጥ ይለይለታል። ከዚያ 400 ኪሎ ሜትሩን ስትሄድ መስኮት ክፈት። ጣርማ በር ላይ «ንፋስ ይመታናል፣ ዝጋው!» ብሎ የሚጮህብህ አይጠፋም፣ ታገሥ።

እህትህ ደግሞ አስቀድማ ለቤተ ዘመዱ ትንገር። እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት እኮ በወሎ የታወቀ ሰላምታ ነው፣ ማንም አይቀየምም። እጅ ማስታጠብም ባህላችን ነው። ግን ብዙ ቤት ውኃ ብቻ ነው የሚፈሰው፣ ሳሙናው እቃ መደርደሪያው ላይ ለጌጥ ይቀመጣል። እሱን ያውርዱት። ከመብላት በፊት ብቻ ሳይሆን ገና ከበር ሲገቡም ይታጠቡ።

የጅዳዋ እህቴ፣ ስለ አባትሽ ዛሬ አትወስኚ። ኅዳር ገና ነው። ክትባት እየተሠራ ነው፣ ከፈረንጆቹ በጋ በኋላ ይደርሳል እየተባለ ነው። ሳዑዲዎችም ለሐጃጆች መመሪያ ማውጣታቸው አይቀርም፣ እሱን ጠብቂ። ስኳሩን ግን ከአሁኑ ይቆጣጠር። የዘንድሮው የተለመደ የጉንፋን ክትባት ለዚህኛው አይሆንም፣ በእሱ እንዳትታለሉ።

ከሰኞ ገበያ አካባቢ፣ ደሴ

እስቲ እዚህ ያለነው ደግሞ እንናገር። የሁላችሁንም አነበብኩ። ከተማው እንደምታስቡት አልተሸበረም። ሰው ዝናቡንና የጤፍን ዋጋ ነው የሚያማው። የሚያስጨንቀን የእናንተ ስልክ ነው! አንዱ «ከቤት እንዳትወጡ» ይላል፣ ሌላው «ውሸት ነው» ይላል፣ ሌላው ነጭ ሽንኩርት በማር ዋጡ ይላል። ነጭ ሽንኩርቱንማ እናንተ ሳትነግሩንም እንበላለን፣ ዳማከሴውንም እናሸታለን። ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ከዚያ በላይ ግን አትጠብቁበት።

ትልልቆቹ ሰዎች ወሬውን ሲሰሙ የሚያነሱት የኅዳር በሽታን ነው። በ1911 ዓ.ም. አገሩን ያጠፋው ያ በሽታ። ራስ ተፈሪም ታመው ነበር። ኅዳር 12 ቆሻሻ እያቃጠልን ዓይናችን እስኪያለቅስ ያደግነው በእሱ ምክንያት ነው። ያኛውም እንደዚህኛው ኤች 1 ኤን 1 ከሚባለው ዘር መሆኑን ሳነብ እኔም ደንግጬ ነበር። ግን ያን ጊዜ ኦክስጅን የለ፣ ሳምባ ምች ሲከተል የሚሰጥ አንቲባዮቲክ የለ። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ነገር ሌላ ነው። እዚህ የሚያተኩሰው ሰው ሁሉ ታይፎይድ ነው ይባላል። ወረድ ብሎ ኮምቦልቻ ደግሞ ወባ ነው፣ ብዙ ጊዜ እውነትም ወባ ነው። ካልሆነም ፋርማሲ ጎራ ብሎ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ ነው። አሞክሳሲሊን ቫይረስ አይገድልም። ትንሽ ሲሻለው ግማሹን አስቀምጦ ለጎረቤት ይሰጣል። ለልጅ ትኩሳት አስፕሪን የሚሰጥም አለ፣ እባካችሁ ስትደውሉ ይኼን ተቆጡ፣ ከጉንፋን ጋር ልጅን ይጎዳል። ይልቅ ንገሯቸው፦ ትንፋሽ ካጠረው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ወይም ተሽሎት እንደገና ካተኮሰውና ሳሉ ከባሰ፣ ሳያድር ሆስፒታል ይወሰድ። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ይኼ ሁሉ እስኪመጣ አይጠበቅም።

ለጅዳዋ እህታችን፣ ሐጅ ለቻለ ሰው ነው። ጤናም ከመቻል ይቆጠራል። አባትሽ ይኼን ካንቺ ይልቅ ከመስጊዳቸው ሼህ ቢሰሙት ይቀላቸዋል።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፣ ከለንደን

እሺ፣ ስለ አሳማው ተረታሁ እንበል። ስለ ነጋዴዎቹ ግን ቃሌን አላነሳም።

የሆጤ ልጅ፣ ከአሜሪካ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን፣ እሷና ልጆቹ ይቀራሉ። እኔም ለጥር አዛውሬዋለሁ፣ የቅጣቱን ገንዘብ ከፈልኩ። እናቴ ስትሰማ «እስከ ጥር ማን ይኖራል ብለህ ነው?» ብላ ስልኩን ለእህቴ ሰጠቻት። እስከ ዛሬ በቅጡ አላናገረችኝም። ጎረቤቶቹ ግን አሁን «ምነው ቀሩ፣ በሰላም ነው?» እያሉ ነው አሉ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ለእማ ቴርሞሜትርና የአስም መንፊያዋን ገዝቻለሁ። ነሐሴ ላይ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚገባ ሰው ካለ ይጻፍልኝ። ትንሽ ፖስታ ናት፣ ኪሎ አትበላም።

የፒያሳ ልጅ፣ ከቶሮንቶ

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የምትሄድ የሥራ ባልደረባ አለችኝ፣ ኮምቦልቻ ነው የምታርፈው። በውስጥ መስመር አድራሻ ላክልኝ። መንፊያውን ግን ከነማሸጊያውና ከነሐኪም ማዘዣው አድርገው፣ ጉምሩክ እንዳያስቸግራት።