የድሮው ባንዳችን ሊመለስ ነው፣ ስሙ ግን የማን ነው?

ቤዝ ከሆጤ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለሐይቅ ልጆች። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ቤዝ ጊታር ነው የምጫወተው። ድሮ ደሴ ውስጥ አምስት ሆነን ባንድ ነበረን። ስሙን አልጠራም፣ የምታውቁንም እባካችሁ እዚህ አትጻፉት፣ ጭቅጭቁ ራሱ በስሙ ላይ ነው። ፕሮዲውሰር አልነበረንም። ስፖንሰርም የለም። ዘፈኖቹን የቀዳነው ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍነን በአንድ ላፕቶፕና በውሰት ማይክ ነው። ሲዲ አላሳተምንም፣ በሜሞሪና በብሉቱዝ ከሰው ሰው ዞረ፣ በኋላ ድራመራችን ዩቲዩብ ላይ ጫነው። የአምባሰልና የባቲ ቅኝትን በኤሌክትሪክ ጊታር እንጫወት ነበር፣ ግን እንደ ሰርግ ባንድ አይደለም፣ ቀስ ብሎ፣ ረጅም፣ አንዳንዱ ዘፈን ሳያልቅ ሰው ወጥቶ ሻይ ጠጥቶ ይመለስ ነበር።

2010 ላይ ተበተንን። ተጣልተን እንኳ አይደለም። ድምፃዊቷ አዲስ አበባ ገባች፣ ሊድ ጊታሪስቱ ዱባይ ሄደ፣ ኪቦርዲስቱ አግብቶ ወልዲያ ሱቅ ከፈተ፣ እኔና ድራመሩ ቀረን። ቤዝና ድራም ብቻውን ማን ይሰማል? ከዚያ በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ድራሙም የኔ አምፕሊፋየርም ከተቀመጡበት ቤት ጠፉ። በቃ አልን።

አሁን ሊዱ ከዱባይ ተመልሷል። ድምፃዊቷም ራሷ ደውላ "እንሥራ" አለች። ወላሂ ደስ ብሎን ነበር። ግን እሷ ዛሬ አዲስ አበባ ስም አላት፣ ማኔጀርም አላት። ማኔጀሩ ፖስተሩ ላይ የእሷ ስም በትልቁ ከላይ፣ የባንዱ ስም ከሥር ይጻፍ ይላል። ሲቀጥል ድራመሩ ለዓመታት ስላልመታ (ባጃጅ ነው የሚነዳው) ከአዲስ አበባ ሰው እናምጣ አለ። ልብ በሉ፣ ዩቲዩብ ቻናሉ ያለው በድራመሩ ኢሜይል ነው!

እና ጥያቄዬ፣ የባንዱ ስም የማን ነው? የድሮዎቹን ዘፈኖች አንዳችን ሳንስማማ መጫወት ይቻላል? ሌላው ደግሞ እውነቱን ንገሩኝ፣ መመለስ አለብን ወይስ ሰው በልቡ እንደያዘን ይቅር?

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦

እናንተ ናችሁ እንዴ?! ማሻአላህ! ዩኒቨርሲቲ እያለን ዶርም ውስጥ የናንተ ዘፈን የሌለበት ስልክ አልነበረም። ያችን በባቲ የሠራችኋትን፣ መጨረሻ ላይ ድራሙ ብቻውን የሚቀርባትን፣ እስካሁን አለችኝ። ድራመሩን እንዳትነኩት። ሌላውን አላውቅም፣ እሱን እንዳትነኩት።

ሐይቅ ዳር፦

እኔ ደስ የማይል ነገር ልናገር። ይቅርባችሁ። ሰው የሚወዳችሁ ያኔ ሃያ ዓመቱ ስለነበረ ነው። መድረክ ላይ ሆዳችሁ ወጥቶ፣ ግጥም ከስልክ እያነበባችሁ ሲያያችሁ ያዝናል። ማኔጀሩም ክፉ ስለሆነ አይደለም እንዲህ የሚለው። አዳራሽ ኪራይ አለ፣ ሳውንድ አለ፣ ትራንስፖርት አለ፣ ትኬት የምትሸጠው እሷ ናት። የናንተን ስም ከደሴ ውጪ ስንት ሰው ያውቀዋል? ካሰባችሁበት በእሷ ስም ግቡና ሥሩ፣ ክፍያችሁን ተቀበሉ፣ ጨረሳችሁ። ኩራት ኪራይ አይከፍልም።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦

@ሐይቅ ዳር ሆድ የወጣ ሰው አምባሰል አይጫወትም ያለው ማነው 😂

ሳውንድ ኮምቦልቻ፦

ወንድሜ፣ ስለ ስሙ የሚያውቁ ይመልሱልህ፣ እኔ በሥራዬ ያየሁትን ልንገርህ። ተመልሶ የሚመጣ ባንድ የሚበላሸው መጀመሪያ ኪ (ዘፈኑ የሚዘፈንበት የድምፅ ከፍታ) ላይ ነው። የድምፃዊቷ ድምፅ እንደ ድሮው ከፍ አይልም፣ የማንም አይልም። ግን እሷም አትናገርም፣ እናንተም አትጠይቁም፣ ኮንሰርቱ ቀን ሦስተኛው ዘፈን ላይ ድምፁ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምድ ላይ ያለ ማይክ አዘፍኗትና አንድ ወይም አንድ ተኩል ቶን አውርዱ። ለኪቦርዲስቱ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። የሚቸገረው ሊዱ ነው፣ የድሮ አጨዋወቱ በባዶ ክር ላይ የተሠራ ከሆነ ጊታሩን ራሱን ዝቅ አድርጎ ይቃኝ።

ሁለተኛ፣ ሱቅ የከፈተው ኪቦርዲስታችሁ እስካሁን ሰርግ ሲሠራ ከቆየ እጁ ሙሉ ኮርድ መያዝ ለምዷል ማለት ነው። አምባሰል ደግሞ ያንን አይወድም። ቤዝ ስለሆንክ ይገባሃል፣ ከመነሻው ቀጥሎ ግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ሦስተኛውን ዘሎ አራተኛው ላይ ያርፋል። ሦስተኛው ኖታ የለም። አንዱ ሜጀር ወይም ማይነር ኮርድ ሞልቶ ከያዘበት ዘፈኑ ውስጥ የሌለ ኖታ ገባ፣ ሰው ምን እንደሆነ አያውቅም ግን "እንደ ድሮው አይደሉም" ብሎ ይወጣል። የድሮ ቅጂያችሁን ሰምቼዋለሁ። ያማረው ኪቦርዱ ብዙ ስለማይናገር ነው።

ስለ ቀኑ ደግሞ፣ አዲስ አበባ ያለ ማኔጀር ይሄን ላያስበው ይችላል። ረመዳንና ሁዳዴ በነዚህ ዓመታት እየተገናኙ ነው። ወሎ ላይ ኮንሰርት የሚያስብ ሰው ሁለቱንም አይቶ ነው ቀን የሚቆርጠው፣ ግማሹ ቤት አንዱን፣ ግማሹ ሌላውን ይጾማል፣ አንዳንዱ ቤት ደግሞ ሁለቱም አለ። ከፋሲካም ከዒድም በኋላ አድርጉት። ክረምት ከገባም ተዉት፣ የደሴን ጭጋግ ታውቁታላችሁ። መብራቱንም አትመኑ፣ ጀነሬተር በጀቱ ውስጥ ይግባ።

ሕግ አንባቢ፦

ጠበቃህ አይደለሁም ግን ጉዳዩን አውቀዋለሁ፣ በአጭሩ።

ዘፈኖቹ፦ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው የሚገዛው፣ በ2007 በቁጥር 872 ተሻሽሏል። መብቱ የሚገኘው ሥራው ሲሠራ ነው እንጂ ሲመዘገብ አይደለም። ግጥሙን የጻፈ የግጥሙ፣ ዜማውን የደረሰ የዜማው ባለቤት ነው፣ አብራችሁ ከሠራችሁት የጋራ ነው። ዩቲዩብ ላይ የጫነ ሰው ስለጫነ ባለቤት አይሆንም። ድምፃዊቷም ስለዘፈነችው ብቻ የዘፈኑ ባለቤት አትሆንም፣ የከዋኝነት መብት ግን አላት፣ እናንተም ስለተጫወታችሁ አላችሁ። የአምባሰልና የባቲ ቅኝት የማንም አይደለም፣ ስለዚህ እሱን ማንም የኔ ነው ብሎ እንዳያስፈራራችሁ። የናንተ የሆነው በላዩ ላይ የሠራችሁት ነው።

ስሙ፦ ይሄ ሌላ ሕግ ነው። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998። እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለባችሁ፣ ምክንያቱም የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው። ምዝገባው ለሰባት ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳል። ነገ ማኔጀሩ ስሙን በራሱ ወይም በእሷ ስም አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዶ ቢያስመዘግበው፣ እናንተ ተቃውሞ ይዛችሁ መሮጥ ልትጀምሩ ነው። ቀድማችሁ በጋራ አስመዝግቡ። ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ገጽ ወረቀት፦ የትኛውን ዘፈን ማን ጻፈ፣ ገቢው እንዴት ይከፈላል፣ አንዱ ቢወጣ ስሙን ማን ይዞ ይቀራል። አምስታችሁም ትፈርማላችሁ፣ ሁለት ምስክር ይፈርማል። ወንድማማች ነን ምን ወረቀት ያስፈልጋል የሚል ሰው ካለ፣ መጀመሪያ የምታስፈርሙት እሱን ነው።

ቻናሉን ድራመሩ ሁላችሁንም በማኔጀርነት ሊያስገባችሁ ይችላል። ግን ልጁን ከባንዱ እያስወጣችሁ ቻናሉን ስጠን ብትሉት ምን ይላችኋል? እኔ ብሆን አልሰጥም።

የኪነት ዘመን ሰው፦

ልጆች፣ እኔ በናንተ ዘመን ቋንቋ አልጽፍም፣ ግን ጉዳዩ ስለሚያገባኝ ልናገር። በደርግ ጊዜ በየቀበሌው ኪነት በነበረበት ዘመን ያደግሁ ነኝ። ወሎ ላሊበላ ኪነትን፣ እነ ማሪቱ ለገሠ የወጡበትን፣ የማያውቅ የወሎ ሰው የለም። ያኔ ቡድኑ ነበር ስም። ዘፋኙ ከቡድኑ ይወጣል እንጂ ቡድኑ ከዘፋኙ ሥር አይጻፍም ነበር። ዘመኑ ተቀይሯል፣ ይሁን፣ እሱን ለመመለስ አልልም።

ግን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ዋልያስ ባንድ ሂልተን ሲጫወት ሰዓት እላፊ ስለነበር ታዳሚው እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር። በ1981 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አሜሪካ ለሥራ ሄዱ፣ ግማሹ ተመለሰ፣ ግማሹ ቀረ። ከቀሩት አንዱ ኃይሉ መርጊያ ነው። ዋሽንግተን ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ፣ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። በ1985 የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ፈለገው፣ ወደ መድረክም ተመለሰ። ያን ጊዜ ምን ብሎ ተመለሰ? ኃይሉ መርጊያ ብሎ። አዲስ ልጆች ይዞ ስለወጣ የዋልያስን ስም አልለጠፈባቸውም።

ስለዚህ ለጥያቄህ የኔ መልስ ይሄ ነው። ልጅቷ በስሟ መምጣት መብቷ ነው፣ ለፍታ ያገኘችው ነው፣ አትቀየሟት። በስሟ ከመጣች ግን በስሟ ብቻ ትምጣ፣ ድራመርም ከፈለገችበት ታምጣ፣ እናንተም እንደ አጃቢ ተከፍሏችሁ ትሠራላችሁ ወይም አትሠሩም። የባንዱ ስም ፖስተር ላይ ከወጣ ደግሞ አምስቱም መድረክ ላይ ይታዩ። ግማሹ ጎድሎ ስሙን መለጠፍ ከደሴ ሰው ገንዘብ መቀበል ነው፣ ሰዉ ደግሞ ያውቃችኋል፣ ይቆጥራችኋል።

እና ባጃጅ የሚነዳው ልጅ፣ የታክሲውን ታሪክ ከላይ ጽፌላችኋለሁ።

ሐይቅ ዳር፦

ጋሼ ያሉት ይሻላል፣ እቀበላለሁ። ግን ሰውዬው ታክሲ ውስጥም እየተለማመደ ነው። የናንተ ድራመር ተለማምዷል?

ቤዝ ከሆጤ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼን በተለይ። ያችን መልስ ለድምፃዊቷ ላኩላት። ወዲያው ደወለች፣ ማኔጀሩ ድራመሩን ልቀይር ማለቱን ከነጭራሹ አልሰማችም ነበር። ትንሽ ጮኸች (በሱ ላይ እንጂ በኛ አይደለም)። ፖስተሩ ላይ ግን እስካሁን አልተስማማንም። ደሴ በባንዱ ስም ብቻ ይሁን፣ አዲስ አበባ ከሆነ በእሷ ስም እንምጣ ብላለች፣ ለኔ ችግር የለውም፣ ሊዱ ግን ፊቱን አጥቁሯል። እሱ ዱባይ ሆኖ ይሄን ቀን ሲጠብቅ ነው የኖረው፣ ለምን አጃቢ እሆናለሁ ይላል። አልፈርድበትም።

@ሐይቅ ዳር፣ ድራመሩ አልተለማመደም፣ እውነት ነው። ትናንት ጠራሁትና ጠረጴዛ ላይ በጣቱ እየመታ የባቲዋን ዘፈን ይዞ ሄደ፣ ቴምፖው እንዳለ ነው፣ የሚሰንፈው ክንዱ ነው። ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ከሥራ በኋላ ማታ ማታ እንገናኛለን፣ መጀመሪያ ሁለታችን ብቻ፣ ከዚያ ሊዱ ይጨመራል። ቀን አንቆርጥም። ወረቀቱን ኪቦርዲስቱ ከወልዲያ ሲወርድ እንፈርማለን፣ ምዝገባውንም ለአምስታችን። ስለ ሦስተኛው ኖታ ያላችሁትን ነገርኩት፣ "እኔ መቼ ሞልቼ ያዝኩ" ብሎ ተቆጣ፣ ሰርግ ላይ የተቀረጸ ቪዲዮውን ላኩለት፣ ዝም አለ።

አሁን የቸገረን ድራም ነው። መግዛት አንችልም። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ ሙሉ ድራም ኖሮት በወር የሚያከራየን ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ሲምባሉ ቢሰነጠቅም ግድ የለም፣ ፔዳሉ ብቻ ይሥራ።

ሳውንድ ኮምቦልቻ፦

ፔዳል አለኝ። ስኔሩንም ቅዳሜ ይዤ እወጣለሁ። ቶሞቹን ሌላ ሰው ይፈልግላችሁ።