የጋራ ፕሮፖዛላችን፦ ማን በየትኛው ዘርፍ እንደሚሠራ እንዴት ይቆጠር?

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለአስተዳደሩ የምናቀርበው ረቂቅ ደርሷችኋል ብዬ አስባለሁ። ጥያቄያችን ግልጽ ነው፤ በአካባቢያችን ስንት ሰው በየትኛው ዘርፍ እንደሚሠራ ይጠና፣ የሥልጠና በጀቱም ያንን አይቶ ይመደብ። ለጊዜው ግብርና፣ ኢንዱስትሪ፣ አገልግሎት ብዬ ሦስት ቦታ ከፍዬዋለሁ። ይበቃል? ሐሙስ ማታ ስለምዘጋው ያላችሁን ቶሎ ወርውሩ።

የንግድ ዘርፍ ተወካይ፦
በሦስቱ አልስማማም። አገልግሎት ስንል እኮ ነርሷንም፣ ሹፌሩንም፣ አስተማሪውንም፣ ጸጉር አስተካካዩንም አንድ ጆንያ ውስጥ ነው የምንከተው። ከዚያ ጆንያ ምን ዓይነት የሥልጠና ዕቅድ ይወጣል? የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ ሥራዎችን የሚመድብበት ዓለም አቀፍ መለያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው አራተኛው ክለሳ 21 ዋና ክፍሎች አሉት፤ ትራንስፖርት ለብቻው ነው፣ ትምህርት ለብቻው ነው፣ ጤና ለብቻው ነው። በእሱ ከሄድን ነገ ከሌላ አካባቢ ጋር ማወዳደርም አይቸግረንም።

የሥልጠና ኮሚቴ፦
ይሁን፣ ግን ዘርፍና ሙያ እንዳይምታቱብን። ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ የሒሳብ ባለሙያ ዘርፏ ማኑፋክቸሪንግ ነው፣ ሙያዋ ግን ሒሳብ። የምናሠለጥነው ደግሞ ሙያ ነው። ስለዚህ መጠይቁ "የምትሠሪበት ድርጅት ምን ያመርታል?" ብሎም ይጠይቅ፣ "አንቺስ እዚያ ምንድን ነው የምትሠሪው?" ብሎም ይጠይቅ። አንዱን ብቻ ይዘን ከሄድን ሌላውን በግምት ልንሞላ ነው።

ነባር አባል፦
ልጆች፣ ያየሁትን ልንገራችሁ። ድሮ እሠራበት የነበረ ፋብሪካ ጥበቃና ጽዳቱን ለኤጀንሲ ሰጠ። ሰኞ ጠዋት ስገባ ያው ጥበቃ፣ በዚያው በር፣ እዚያችው እግሯ የላላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የተለወጠው ደረቱ ላይ ያለው ባጅ ብቻ ነው። ደሞዙን ቀንሰውበት እንደነበር በኋላ ነው የነገረኝ፣ እስካሁን ያናድደኛል። በምደባው መሠረት ግን ይህ ሰው ከማኑፋክቸሪንግ ወጥቶ ድጋፍ ሰጪ አገልግሎት ውስጥ ገብቷል። እንግዲህ አንዱ ሪፖርቱን ያነብና "ፋብሪካው ሰው ቀነሰ፣ አገልግሎት አደገ" ይላል። ምኑ ነው ያደገው? በኤጀንሲ የተቀጠሩት የት ቦታ ላይ እንደሚሠሩ ለብቻው ይጻፍልኝ፤ ይህ ሳይገባ አልፈርምም።

አስተባባሪ፦
ጋሼ፣ ገብቷል። አሁኑኑ ጨመርኩት።

የሴቶች ክፍል ተወካይ፦
እኔ ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ መጠይቁን ለመሞከር ጎረቤት ቤት ገብቼ ነበር። "ሥራ አለሽ?" አልኳት አንዷን። "ኧረ ምን ሥራ አለኝ፣ ቤት ነው የምውለው" አለችኝ። ይህን ስትል እግሯ የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ነው፣ አንገቷ ላይ ሜትር ተንጠልጥሏል፣ ጭኗ ላይ እጅጌው ያልተገጠመ የተማሪ ዩኒፎርም አለ። የባሏ እህት ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ብላ ያለ ክፍያ ቁልፍ ትተክላለች። ጥያቄውን ቀየርኩት፤ "ባለፉት ሰባት ቀናት ገንዘብ ለማግኘት ቢያንስ አንድ ሰዓት የሠራሽው ነገር አለ?" ስላት ሳቀችና "እሱማ ቀን ከሌት ነው!" አለች። አያችሁ፣ በመጀመሪያው ጥያቄ ብንሄድ ሁለት ልብስ ሰፊዎች ከሠንጠረዡ ጠፍተው ነበር። ክፍያ የሌላትም ትቆጠራለች፣ የቤተሰብ ንግድ የሚያግዝ ሰው ሠራተኛ ነው። እባካችሁ "ሥራ አለህ ወይ" የሚለው ጥያቄ ይሰረዝ።

የጥናት ቡድን፦
እህቴ ልክ ነሽ፣ የአንድ ሰዓቱም መለኪያ ዓለም አቀፍ ነው። እሱን ካነሳን ግን ግብርናው ላይ መጠንቀቅ አለብን። እ.ኤ.አ. በ2013 የተካሄደው 19ኛው ዓለም አቀፍ የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ በሥራ ላይ ያለ የሚለውን ትርጉም ለክፍያ ወይም ለትርፍ በሚሠራው ላይ ወስኖታል። በዋናነት ለራሱ ቤት ፍጆታ የሚያመርት ገበሬ ሥራው እንደ ሥራ ይመዘገባል፣ ግን "ተቀጥሮ ወይም በሥራ ተሰማርቶ ያለ" ከሚባለው ውስጥ አይገባም። በድሮው ትርጉም ይገባ ነበር። ስለዚህ የድሮውን ጥናት ከአዲሱ ጎን ብናስቀምጠው አንድም ሰው ማረሻውን ሳይጥል የግብርናው ቁጥር ያሽቆለቁላል። በሁለቱም ትርጉም እናስላው፣ ለየብቻ እንጻፈው።

ሌላው፣ መረጃውን ከድርጅቶች ብቻ ከሰበሰብን ያልተመዘገበው ሁሉ ይቀራል፣ ሁለት ቦታ የሚሠራውም ሁለቴ ይቆጠራል። ቤት ለቤት ከሄድን ደግሞ የምናገኘው እዚህ የሚያድረውን ነው፣ ጠዋት መጥቶ ማታ የሚመለሰውን አናገኘውም። ስለዚህ ሁለቱም መንገድ ያስፈልጋል። አንድ ሳምንት ብቻ መጠየቅም አያዋጣም፤ በአጨዳ ሰሞንና ግንባታ በሚቀዘቅዝበት ወቅት የምናገኘው መልስ ለየቅል ነው።

የንግድ ዘርፍ ተወካይ፦
ወገን፣ ይህ ሁሉ ሲደመር አንባቢው ይደክመዋል። ብዙ ሠራተኛ ያለበትን ዘርፍ አውጥተን ገንዘቡን እዚያ አድርጉ ብንል አይቀልም?

የጥናት ቡድን፦
ይቀላል፣ ግን ያሳስታል። እንበል እዚህ ከ100 ሠራተኛ 30ው ንግድ ላይ ነው። በአገር ደረጃም 30 ከሆነ 30ን ለ30 ስናካፍል 1 ነው፤ እንደማንኛውም ቦታ ነን ማለት ነው። እንጨት ሥራ ላይ ግን እዚህ 6፣ በአገር ደረጃ 2 ቢሆን ውጤቱ 3 ነው። ትንሽ ዘርፍ ነው፣ ነገር ግን እዚህ ከሌላው ቦታ ሦስት እጥፍ ተከማችቷል፤ ምርቱን ለውጭ ገበያ ማለትም ከአካባቢው ውጪ የሚሸጥ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከውጪ የመጣው ገንዘብ ነው ተመልሶ ሱቁንም፣ ትራንስፖርቱንም የሚያንቀሳቅሰው። ደሞዙ ጥሩ ይሁን መጥፎ፣ ዘርፉ ይደግ ይክሰም ስሌቱ አይነግረንም፤ ለዚያ ሰዓትና ገቢ መጠየቅ አለብን።

የንግድ ዘርፍ ተወካይ፦
በቃ ይህን የእንጨቱን ምሳሌ እንደወረደ መግቢያው ላይ አድርጉት። እኔን ያሳመነ እነሱንም ያሳምናል። ንግዱ ግን ጭራሽ እንዳይረሳ፣ አደራ፤ ከሥራ የተፈናቀለ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው እዚያው ነው።

አስተባባሪ፦
እሺ፣ አይረሳም። እስካሁን የተስማማንበት በ21ዱ ክፍሎች ይመደብ፣ ሙያ ለብቻው ይጠየቅ፣ የኤጀንሲ ሠራተኛ የሚሠራበት ቦታ ይጻፍ፣ ጥናቱም ቢያንስ ሁለት ወቅት ላይ ይካሄድ የሚለው ነው። የግብርናውን አንቀጽ የጥናት ቡድን ይጻፍልኝ። አንድ ችግር አለብኝ። "ሌላ ተጨማሪ ሥራስ አለህ?" የሚለው ጥያቄ ገጹ ላይ ቦታ አጣ። የትዳር ሁኔታ የሚለውን ላውጣው?

የሴቶች ክፍል ተወካይ፦
አውጣው። ልብስ ሰፊዋ ከሰዓት በኋላ ገበያ እንደምትወጣ የነገረችኝ እኮ ልሰናበታት ስነሳ ነው።