የድሮ ሄሊዮስ ሌንስ በሶኒ ካሜራ ላይ፦ ቀኙ የሚደበዝዘው በሌንሱ ነው ወይስ በአዳፕተሩ?

ጥያቄ፦ የዜኒት ወራሽ

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ በደርግ ዘመን ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ሄዶ ሲመለስ ያመጣው ዜኒት ካሜራ እጄ ገብቷል። ካሜራው አይሠራም፤ ሌንሱ ግን ደህና ነው፤ ሄሊዮስ 44-2፣ የትኩረት ርዝመቱ 58 ሚሊ ሜትር፣ የብርሃን ቀዳዳው እስከ ኤፍ 2 የሚከፈት። ከኤም 42 (ከሌንሱ የብሎን መግጠሚያ ዓይነት) ወደ ሶኒ የሚያገናኝ ርካሽ አዳፕተር ገዝቼ አልፋ 7 ላይ ገጠምኩት። የሰው ፊት ሳነሳ እጅግ ያምራል፤ ከጀርባ ያለው ቅጠል ክብ ሠርቶ የሚሽከረከር ይመስላል። ችግሩ ሩቅ ነገር ላይ ነው። ከሰገነታችን ወደ እንጦጦ ሳነሳ ግራውና መሀሉ ጥርት ብለው ቀኙ ይደበዝዛል። ፎቶው በሙሉም ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። አንድ ጠጋኝ ሌንሱ መፈታት አለበት ብሎኛል። የአባቴ ንብረት ስለሆነ ያለ ምክንያት እንዲነካ አልፈልግም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ራሴ ማረጋገጥ እችላለሁ?

መልስ፦ ብርሃን ለቃሚ

እህቴ፣ እባክዎ አያስፈቱት። መጀመሪያ የሶኒን የራሱን ሌንስ ገጥመው ያንኑ እንጦጦ ያንሱ። ቀኙ ከጠራ ካሜራዎ ንጹሕ ነው። ከዚያ ሄሊዮሱን ይመልሱና ካሜራውን በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ያቁሙ፤ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ዝቅ ያድርጉ፤ በ2 ሰከንድ መዘግየት ያንሱ። ካሜራዎ መንቀጥቀጥ የሚከላከል ክፍል ካለው መቆሚያ ላይ ሲሆኑ ያጥፉት፤ በእጅ ሲያነሱ ግን አብርተው የሌንሱን የትኩረት ርዝመት ራስዎ ይሙሉለት፤ የድሮ ሌንስ ለካሜራው ምንም መረጃ አይሰጥም። ፎከሱን ምስሉን በስክሪኑ ላይ አጉልተው ያስተካክሉ እንጂ በሌንሱ ላይ የተጻፈውን የሜትር ቁጥር አይመኑ።

በኤፍ 2፣ በኤፍ 5.6 እና በኤፍ 8 ያንሱ (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)። ሄሊዮስ በኤፍ 2 ማዕዘኖቹ ሁሉ ይለሰልሳሉ፤ ተፈጥሮው ነው፤ ውበቱም ከዚያ ይመጣል። አንድ ጎን ብቻ ሲደበዝዝ ግን የሆነ ነገር ዘምሟል ማለት ነው።

መልስ፦ የካሜራ ጠጋኝ

ልጄ፣ ሌንሱንና አዳፕተሩን የሚለይ ሙከራ ልንገርሽ። አራት የጋዜጣ ገጾች ግድግዳ ላይ በምስሉ አራት ማዕዘኖች፣ አንድ መሀል ላይ ለጥፊ። 3 ሜትር ያህል ራቂ። ካሜራው ለግድግዳው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ አለበለዚያ ሙከራው ይዋሻል። መሀሉ ላይ ትንሽ መስታወት በግድግዳው ላይ አስተኝተሽ ያዥና የሌንሱ ነጸብራቅ በምስሉ እምብርት እስኪታይ ካሜራውን አስተካክዪ። በኤፍ 2 አንሺ።

አሁን ሌንሱን ከአዳፕተሩ ላይ በግማሽ ዙር አላልተሽ፣ በእጅሽ ደግፈሽ፣ ፎከሱን እንደገና አስተካክለሽ አንሺ። የኤም 42 ጥርስ በአንድ ዙር 1 ሚሊ ሜትር ስለሚሄድ ሌንሱ በግማሽ ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይወጣል፤ ሩቁን አያጠራም፤ ለ3 ሜትር ግን ይበቃል። ድብዛዜው ወደ ግራ ከዞረ ሌንሱ ውስጥ የተዛነፈ መስታወት አለ። እዚያው ቀኝ ከቀረ ጥፋቱ የአዳፕተሩ ነው። ላልቶ ስለሚንጠለጠል አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ደጋግመሽ ሞክሪው።

አዳፕተሩን በካሊፐርም (በውፍረት መለኪያ) ለኪው። የኤም 42 ሌንስ ከመቀመጫው እስከ ፊልሙ (በዲጂታል ካሜራ እስከ ሴንሰሩ፣ ምስል እስከሚቀበለው ክፍል) 45.46 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል፤ ሶኒ 18 አለው፤ ስለዚህ አዳፕተሩ 27.46 መሆን አለበት። ጥቂት ቢያጥር አያስጨንቅሽ፤ ብዙ አምራቾች ሆን ብለው ያሳጥሩታል። በ0.1 ብቻ ቢረዝም ግን አፐርቸሩ (የብርሃን ቀዳዳው) ሙሉ ሲከፈት ከ34 ሜትር ገደማ ወዲያ ያለው አይጠራም። ከሁሉም በላይ ዙሪያውን እኩል መሆኑን እዪ።

መልስ፦ ኒኮን ያዥ

ይቅርታ፣ እኔ ተመሳሳይ ሌንስ በኒኮን ዲ 750 ላይ በቀጭን አዳፕተር ገጥሜ ሩቅ ነገር በሁሉም ጎን ደብዝዞብኛል። ያው ችግር ነው?

መልስ፦ ብርሃን ለቃሚ

አይደለም። በኒኮን ኤፍ ከሌንስ መቀመጫው እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት 46.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሌንሱ ከሚፈልገው ይበልጣል። ማረሚያ መስታወት የሌለው አዳፕተር ለቅርብ ብቻ ያገለግልዎታል። መስታወት ያለው ደግሞ ጥራቱን ይቀንሳል። የካነን ኢኤፍ ርቀት 44 ስለሆነ ያለ መስታወት ይሠራል።

መልስ፦ የሠርግ ፎቶ አንሺ

ስለ ጭጋጉ ማንም አላነሳም። ሌንሱን ከነአዳፕተሩ ከካሜራው ነቅለው ከኋላ በኩል እያዩ ወደ ብሩህ መስኮት ያዙሩት። የአዳፕተሩ የውስጥ ግድግዳ ካበራ ያ ብርሃን ሴንሰሩ ላይ ይረጫል። ብርሃን የማይመልስ ጥቁር ከፋይ ወይም ለዚህ የተሠራ ጥቁር ወረቀት ውስጡን ያልብሱት፤ ለውጡ ወዲያው ይታያል። የሄሊዮስ የመስታወት ሽፋን እንደ ዛሬዎቹ ስላልሆነ የፀሐይ ጥላም ያስፈልገዋል፤ የፊቱ ጥርስ 49 ሚሊ ሜትር ነው።

ከዚያ በጨለማ ክፍል የእጅ ባትሪ ብርሃን በሌንሱ ውስጥ አሳልፈው ይዩ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ሻጋታ ነው፤ እሱ ካለ ባለሙያ ሊፈታው ይገባል። ሌንሱን በቆዳ ቦርሳው ውስጥ አያኑሩት፤ ክረምት ላይ ቆዳው እርጥበት ይዞ ሻጋታ ያበቅልበታል።

የዜኒት ወራሽ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሶኒው ሌንስ ቀኙ ጠራ። የጋዜጣውን ሙከራ ስደጋግም ድብዛዜው ሁልጊዜ ቀኝ ላይ ቀረ። ጎረቤታችን ያለው የብረት ሠራተኛ በካሊፐር ሲለካው አንዱ ጎን 27.40፣ ተቃራኒው 27.58 ሆነ። ሻጋታ የለም፤ የአዳፕተሩ ውስጥ ግን እንደ ሳህን ያበራል። የሚረዝመውን ጎን በሞረድ ላስተካክለው ይላል። ልፍቀድለት?

መልስ፦ የካሜራ ጠጋኝ

በሞረድ እንዳይነካው ንገሪው፤ ብናኙ ሴንሰሩ ላይ ይደርሳል። ጎኑ ላይ ሦስት ትናንሽ ብሎኖች ካሉ አላልተሽ፣ የውስጡን ቀለበት እኩል አስቀምጠሽ፣ በየተራ ጥቂት በጥቂት አጥብቂና እንደገና ይለካ። ካልተስተካከለ ሌላ አዳፕተር ግዢ። አዲሱንም ከመክፈልሽ በፊት ካሊፐር ይዘሽ ሂጂና ዙሪያውን ለኪ። ሌንሱን ማንም አይፍታው።