«ሰው ቤት ገብታ» ማለት ምን ማለት ነው?

የበኩር ልጅ፦ ትናንት ሬዲዮ ላይ የሰማሁት ነገር አናዶኛል። አንዲት ሴት ደወለች። ባሏ ሳይናዘዝ ሞቷል። ቤቱን የሠራው በሕይወት ከሌለችው የመጀመሪያ ሚስቱ ጋር ነው። ከዚያችኛዋ ሦስት ልጆች አሉት፣ ከደዋይዋ አንዲት ሴት ልጅ። ሦስቱ «ቤቱን ልቀቂ» አሏት። አዘጋጁም «ግፍ ነው» ብሎ አብሯት አዘነ። ግፉ ምኑ ላይ ነው? ሰው ቤት ገብታ 18 ዓመት በነፃ ኖረች። እኔም በዚህ ያለፍኩ ነኝ። እናቴ ብሎኬት ተሸክማ ያሠራችው ቤት ለእንጀራ እናት አይሰጥም።

ሁለተኛዋ፦ በነፃ? 18 ዓመት ቤት ያቆመች ሴት በነፃ ኖረች ይባላል? እኔም ሁለተኛ ሚስት ነበርኩ። ስገባ ጣሪያው ያፈስ ነበር። ክረምት ላይ ባልዲ ደርድረን ነው የምንተኛው። ዕቁቤ ሲደርሰኝ ቆርቆሮውን ቀየርኩት። ያኔ ልጆቹ «እግዜር ይስጥሽ» ነው ያሉኝ። «ሰው ቤት» የሚለውን የሰማሁት ባሌን ከቀበርኩ በኋላ ነው።

መዝገብ፦ ሕጉን እንየው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 842 ግልጽ ነው። ሰው ሳይናዘዝ ከሞተ መጀመሪያ የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው፣ እኩል። ሚስት ባሏን ያለ ኑዛዜ አትወርስም፤ ባልም ሚስቱን። የእሷ የሚሆነው የጋራ ሀብታቸው ግማሽ ነው። ቤቱ ከጋብቻው በፊት ከነበረ ደግሞ የጋራ አይደለም።

የበኩር ልጅ፦ ይኸው! ሰው ቤት ያልኩት ለዚህ ነው።

መዝገብ፦ አልጨረስኩም። የመጀመሪያዋ ሚስት ስትሞት ግማሹ የእሷ ስለነበር ለልጆቿ ተላልፏል። ለአባትየው የቀረው የራሱ ግማሽ ነው። እሱን አራቱም ልጆች እኩል ይካፈሉታል። የደዋይዋ ልጅ ከቤቱ አንድ ስምንተኛ አላት ማለት ነው። እሷንም ሰው ቤት ገባች ልትላት ነው?

የበኩር ልጅ፦ ልጅቷን ማን ነካት? ያልኩት እናትየዋን ነው።

ሁለተኛዋ፦ ልጅ ከነእናቷ ነው። ልጅቷን አስቀርታችሁ እናቷን ልታስወጡ ነው?

ታናሽ ወንድም፦ ጥፋቱ የሟቹ ነው። ሙሉውን በራሱ እጅ የጻፈው ኑዛዜ ቢኖር፣ ወይ በአራት ምስክሮች ፊት ቢናዘዝ፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ሁለተኛዋ፦ አንተ አባትህን «ተናዘዝ» ብለኸው ታውቃለህ? እኔ አንዴ አነሳሁበት። «ሞቴን ትጠብቂያለሽ እንዴ?» አለኝ። ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ።

ታናሽ ወንድም፦ አላልኩትም። እውነት ነው።

የበኩር ልጅ፦ ከነገሩ አትውጡ። አባቴ ሲያገባ እኛን ማን ጠየቀን? የእናቴ ፎቶ ከሳሎን ወረደ። ያገኘሁት ዕቃ ቤት፣ ከጀሪካን ኋላ ነው። መስታወቱ ተሰንጥቆ።

ሁለተኛዋ፦ እሱ በጣም ያሳዝናል። ግን ያወረድኩት እኔ አይደለሁም። የእንጀራ እናትህን በደል በሁላችን ላይ አትጫን።

መዝገብ፦ እህቴ፣ ቆርቆሮውን የገዛሽበት ደረሰኝ አለሽ? በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ በትዳር ውስጥ የተገኘ ገቢ የጋራ ነው። ክልሎች የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ አንቺ ያለሽበትን እዪ። ከጋራ ገንዘብ ቤቱ ላይ ያወጣሽውን ግን ጠይቂ። ባለቤት አያደርግሽም። ባዶ እጅሽን ከመውጣት ግን ይሻላል።

ሁለተኛዋ፦ ለባሌ ቤት ጣሪያ ደረሰኝ ማን ያስቀምጣል?

የበኩር ልጅ፦ አየሽ? በራስሽ አፍ «የባሌ ቤት» አልሽ።

ሁለተኛዋ፦ የባሌ አልኩ። የሰው አላልኩም።