ሜልበርን ያላችሁ፦ የኤሌክትሪክ መኪናዬን 11 ወር ጠበቅኩ፤ ልተወው ወይስ ልታገሥ?

የታርኒቱ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እንደምን ከረማችሁ? አንድ ነገር ላማክራችሁ ነው።

የምኖረው ታርኒት ነው። ሥራዬ ሳንሻይን፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ ሌሊት ነው። ደርሶ መልስ 45 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል። የምነዳት የ2008 ኮሮላ ናት። አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም፤ ውለታዋን አልረሳም። አሁን ግን ዘይት ትጠጣለች፣ ጠዋት ስትነሳ እንደ ሽማግሌ ታስላለች። ቤንዚኑም ኪሴን አራቆተው።

ባለፈው ዓመት ጁን ላይ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና አዘዝኩ። ስሙን አልጠራም፣ ጣጣ አልፈልግም። 1,000 ዶላር ቀብድ ከፈልኩ። ሞዴሉ ያኔ አውሮፓ ውስጥ እየተነዳ ነበር፤ እዚህ ግን ገና አልገባም። ሻጩ "ኖቬምበር" አለኝ። ኖቬምበር ሲደርስ "ፌብሩዋሪ" አለ። ፌብሩዋሪ ስደውል "መርከብ ላይ ነው"። የትኛው መርከብ ብለው ስሙን ነገረኝ። እኔም ሞኙ መርከብ የሚያሳይ አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩ። ከዚያ ወዲህ በሻይ ሰዓት የማየው እሱን ነው። ከሻንጋይ ተነሣች። ብሪዝቤን ገባች። ፖርት ኬምብላ ሁለት ቀን ቆመች። ሜልበርን ስትደርስ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ስደውል "ያንተ የሻንሲ ቁጥር ገና አልወጣም፣ በሚቀጥለው ነው" አይለኝም!

ባለቤቴ በየጠዋቱ "መርከብህ የት አደረች?" እያለች ልጆቹን ታስቃለች። "ይሄን ጊዜ ልጅ ቢሆን ተወልዶ፣ ክርስትና ተነሥቶ፣ ይድህ ነበር" ትለኛለች። ምን ልበላት?

እና ልሰርዘውና ግቢያቸው ከቆሙት አንዱን ልውሰድ? ሌላው ደግሞ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች "በኖቬትድ ሊዝ ውሰደው፣ ማለትም አሠሪህ ከደሞዝህ እየቆረጠ የመኪናውን ኪራይ ይክፈልልህ፣ ታክስ የለውም" ይሉኛል። ነገሩ እውነት ነው ወይስ ወጥመድ አለው? የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ሆኖ ከቻይና ቀጥታ አስመጥቷል። እኔስ እንደሱ ባደርግ? ያያችሁትን ንገሩኝ።

ካምሪ ነጂ የነበረው፦

አይዞህ ወንድሜ። በዚህ ያለፍን ብዙ ነን።

ታክሲ ስነዳ ካምሪ ሃይብሪድ ነበር የያዝኩት። እዚሁ አልቶና የተሠራች፣ ከቤቴ 15 ደቂቃ። ቶዮታ ያንን ፋብሪካ በኦክቶበር 2017 ዘጋ፤ በዚያው ወር የሆልደንም ተዘጋ። ከዚያ በኋላ እዚህ አገር የሚሸጥ መኪና ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመጣው። መሪው ደግሞ በቀኝ በኩል መሆን አለበት። ፋብሪካዎቹ መጀመሪያ ለቻይና፣ ለአሜሪካና ለአውሮፓ የግራውን ይሠራሉ፣ እኛ ጋ ሲደርስ ወረፋው ረዝሟል። ቴስላ ሞዴል ዋይ አሜሪካ ውስጥ በማርች 2020 መታደል ጀምሮ እኛ ያየነው በኦገስት 2022 ነው። አውሮፓ በጭስ ብዛት ስለሚቀጣ ኤሌክትሪኩን ቅድሚያ ወደዚያ ይልኩ ነበር። እዚህ እንዲህ ያለ ሕግ የጀመረው ገና በጃንዋሪ 2025 ነው።

እኔ በ2022 አጋማሽ አዝዤ በኤፕሪል 2023 ተረከብኩ። ያን ሰሞን መኪና የጫኑ መርከቦች ሜልበርን ደጅ መጥተው ወደብ ሳይገቡ ይቆሙ ነበር። ለምን መሰለህ? መኪኖቹ ላይ የሣር ዘርና ነፍሳት ተገኘ ተብሎ! ይታጠቡ ተባለ። ኤርፖርት ላይ በበርበሬና በሽሮ የምንጉላላው እኛ ብቻ አይደለንም ብዬ ተጽናናሁ።

ምክሬ ግን አትጠብቅ ነው። ያኔ ምርጫ ስላልነበረ ጠበቅን። አሁን ገበያው ሌላ ነው። የቻይናው ቢዋይዲ እንኳ በ2025 መጨረሻ አቶ 1 የተባለችውን የኤሌክትሪክ መኪና፣ ሬጆ (የመኪና ምዝገባ ክፍያ) እና ሌላ ሌላው ሳይጨመር፣ በ23,990 ዶላር አመጣ። አንተ ባለፈው ጁን የተስማማህበት ዋጋ አሁን ከሚሸጡበት ይበልጥ እንደሆነ ጠይቅ። በወረቀት ይስጡህ። በስልክ የተባለ ነገር እንደ ጉም ነው።

ከቻይና ላምጣ ያልከውን እርሳው። ከጁላይ 2021 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ጥብቅ ነው። የማስመጫ ፈቃዱ መኪናው ከመድረሱ በፊት እጅህ መግባት አለበት፣ የሚፈቀደውም ተመርጦ የተመዘገበ ሞዴል ነው።

ቻርጁ አያሳስብህ። ሌሊት ሠርተህ ቀን ትተኛ የለ? ተራው የቤት ሶኬት 10 አምፔር ነው። ስድስት ሰዓት ብትሰካው 13 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይገባል። ለመንገድህ ተርፎ ይውላል።

ከቦሌ፦

ሠላም ከአዲስ አበባ። የአክስትህን ልጅ ሳላውቀው አውቀዋለሁ፣ ሃሃ።

እዚህ በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለተከለከለ ምርጫችን ኤሌክትሪክ ነው። መንገዱን የሞላው የፎልክስዋገን አይዲ 6 የተሠራው ለቻይና ገበያ ብቻ ነው። ስክሪኑ ቻይንኛ ያወራል። የእኔ መኪና በር ስከፍት አንዲት ሴት የሆነ ነገር ትለኛለች፣ እስከ ዛሬ ምን እንደምትል አላወቅኩም። እግዜር ይስጥልኝ ብያት እገባለሁ። የቻርጅ መሰኪያውም የቻይና ነው፤ እናንተ የአውሮፓውን ነው የምትጠቀሙት። ዋስትና ብትለኝ ደግሞ ጎረቤቴ ያለው ልጅ ነው፣ ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል። የናንተ ወረፋ ቢያንስ መጨረሻው ላይ የሚጠየቅ ሰው አለው።

የፉትስክሬይ እህት፦

ወንድሜ፣ ስለ ሊዙ እኔ ልንገርህ፣ ሥራዬ ደሞዝና ታክስ ነው።

"ታክስ የለውም" የሚሉህ አብዛኛው እውነት ነው። ከጁላይ 1 ቀን 2022 ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው ዋጋ የቅንጦት መኪና ታክስ ከሚጀምርበት ጣሪያ በታች ከሆነ፣ አሠሪህ በሊዝ ሲሰጥህ አሠሪ ከደሞዝ ውጭ ለሠራተኛ በሚሰጠው ነገር ላይ የሚጣለው የጥቅማ ጥቅም ታክስ አይከፈልበትም። ክፍያው ታክስ ሳይነካው ከደሞዝህ ይወጣል። በሶኬትም በቤንዚንም የሚሄደው ግን ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ለአዲስ ውል ይህ ጥቅም ቀርቶበታል።

አሁን ማንም የማይነግርህን ስማ። ታክሱ ባይኖርም የጥቅሙ ግምት ዓመት መጨረሻ ላይ ሪፖርት ይደረጋል። ልጆች አሉህ አይደል? የሕፃናት ማቆያ ድጎማና የቤተሰብ ድጎማ ሲሰላ ያ ቁጥር ገቢህ ላይ ይደመራል። የተማርክበት ዕዳ ካለህ ተቆራጩም ይጨምራል። ባለፈው አንዲት እህታችን መኪናውን ወስዳ ዓመቱ ሲያልቅ ከድጎማው መልሺ ተባለች። እንባዋን አይቻለሁ። ስለዚህ ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ ድጎማችሁን በአዲሱ ቁጥር አሰሉት።

ደግሞም ውሉ አምስት ዓመት ከሆነ መጨረሻ ላይ የመኪናው ዋጋ 28.13 በመቶው ቀሪ ዕዳ ሆኖ ይጠብቅሃል፤ ሦስት ዓመት ከሆነ 46.88 በመቶ። ሻጮቹ የሁለት ሳምንቱን ክፍያ ብቻ ነው የሚያሳዩህ።

መጠበቁን በተመለከተ ከካምሪው ወንድማችን ትንሽ እለያለሁ። ሊዙ የሚጀምረው መኪናውን ስትረከብ ነው። ኮሮላዋ የምታቆይህ ከሆነ መጠበቁ ወለድ አያስከፍልህም። ቀብዱ ይመለስ እንደሆነ ግን የፈረምከውን ወረቀት ዛሬውኑ አንብበው።

የታርኒቱ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እህቴ፣ የሕፃናት ማቆያውን ነገር ሳነብ ሻዩ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ትንሿ ልጄ በሳምንት አራት ቀን ነው የምትሄደው። ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር ስናሰላ ሊዙ ያተርፋል የተባልነው ግማሽ ያህሉ በድጎማው ሄደ። አሁንም ያዋጣል፣ ግን እንደተወራው አይደለም።

ወረቀቱንም አነበብኩት። ቀብዱ የሻንሲ ቁጥር እስኪወጣ ድረስ ይመለሳል ይላል። ያ የተረገመ ቁጥር አለመውጣቱ ለካ ጠቅሞኛል!

ዛሬ ጠዋት ይህን ልጽፍ ስል ሻጩ ራሱ ደወለ። አንድ ሰው ስለሰረዘ ያው ሞዴል ግቢያቸው ቆሟል። እኔ ያዘዝኩት ሰማያዊ ነበር፣ ይሄ ነጭ ነው። ዋጋው ከእኔው በ1,500 ዶላር ያንሳል። እስከ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ይይዙልኛል። ባለቤቴ "ነጭ ይቆሽሻል" ብላ ጀመረች፣ ቅናሹን ስትሰማ ዝም አለች።

ነገ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ሄጄ አየዋለሁ። ካምሪው ወንድሜ፣ ሰዓትህ ከተመቸ አብረኸኝ ብትሄድ ደስ ይለኛል። እኔ ጎማውን ከመርገጥ በቀር የማውቀው የለም።

ካምሪ ነጂ የነበረው፦

ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው? ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፉትስክሬይ ቡና ጠጥተን እንሂድ። አፑንም ከስልክህ አጥፋው።