በቅኝ ግዛት ዘመን በኬንያ የነበሩት «የአካባቢ» ችግኝ ጣቢያዎች የማን ነበሩ?

ጥያቄ፦ ወይራ ጥላ

ጤና ይስጥልኝ። ስለ መንግሥት ደኖች አስተዳደር የማስተርስ ጽሑፌን እያዘጋጀሁ ሳለ ያልጠራልኝ ነገር ስላለ የደን ሙያ ያላችሁን ልጠይቅ ወደድሁ። በእንግሊዝ ዘመን በኬንያ የተቋቋሙት ችግኝ ጣቢያዎች ብዙ ጊዜ «የአካባቢ» እየተባሉ ይጠቀሳሉ። መሬቱ የዘውዱ፣ ዘበኛውም የደን መሥሪያ ቤቱ ከሆነ «የአካባቢ» የሚያሰኛቸው ምንድን ነው? በመንደሩ አጠገብ መገኘታቸው ብቻ ነው ወይስ ሕዝቡ ድርሻ ነበረው? ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብትጽፉልኝ እወዳለሁ።

መልስ፦ የታሪክ መምህር

ነገሩ የሚጀምረው ከባቡሩ ነው። ከሞምባሳ ተነሥቶ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ የደረሰው ባቡር እንጨት እያነደደ ይሄድ ስለነበር፣ በመስመሩ ዳር ያለው ደን ሲመናመን አስተዳደሩ በ1902 የደን መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ ባሕር ዛፍም ለባቡሩ ማገዶ እንዲሆን መተከል የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ሙያው ከሕንድና ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነበር። በሁለቱም አገር ያገለገለው ዴቪድ ሃቺንስ ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ደኖች ያቀረበው የ1909 ሪፖርት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። እነዚህ ሰዎች «የሕዝብ ደን» ሲሉ የመንግሥትን ደን ማለታቸው ነበር፤ በማው ደን ውስጥ ይኖሩ የነበሩት ኦጊየኮች ግን በገዛ ቀያቸው እንደ ሰርጎ ገብ ተቆጠሩ። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ለኦጊየኮች የፈረደላቸው በ2017 መሆኑን ስታይ የነገሩ ሥር ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ትረዳለህ።

መልስ፦ ችግኝ አፍይ

መምህሩ ያሉት ትክክል ሆኖ፣ እኔ ደግሞ ከሥራው በኩል ልጨምር። በ1910 አካባቢ የተጀመረው «ሻምባ» የተባለው አሠራር (ቃሉ በስዋሂሊ እርሻ ማለት ነው) ከበርማው «ታውንግያ» የተቀዳ ነው። ሠራተኛው ከተመነጠረው ደን ቁራሽ መሬት ይሰጠውና በቆሎ፣ ባቄላና ድንች ይዘራል፤ በምላሹም የዓመቱን አብዛኛውን ወራት ለደን መሥሪያ ቤቱ ይሠራል። በሰብሉ መካከል የጥድ ዘመድ የሆነው የፈረንጅ ጥድ ይተከላል። ሁለት ሦስት ዓመት ሆኖት ዛፉ ጥላ ሲያጠላ ገበሬው ወደ ሌላ ቁራሽ ይዛወራል። ለዓመታት የሚቆይ ተክል እንዲተክል አይፈቀድለትም፤ ከተከለማ መሬቱ የኔ ነው ሊል ነው።

ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ለሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የፈረንጅ ጥድ ዘር ደቃቅ ስለሆነ መደቡ በተነፋ አፈር ይሞላል፤ ውኃው በጠብታ ካልሆነ ዘሩን ጠርጎ ይወስደዋል፤ ውኃ ከበዛበት ደግሞ ቡቃያው ከአንገቱ በስብሶ በአንድ ሌሊት ይረግፋል። በቀጭን እንጨት አንድ በአንድ ነቅሎ፣ ሥሩ እንዳይታጠፍ ተጠንቅቆ ማዛወር የትዕግሥት ሥራ ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቀው እጅ የአካባቢው ሰው እጅ ነበር፤ ዛፉን የሚቆርጠውና የሚሸጠው ግን ሌላ።

መልስ፦ ሙጉጋ

ሁለታችሁም የመንግሥቱን ደን ብቻ ነው ያያችሁት፤ ሌላም መስመር ነበር። ሪቻርድ ሴንት ባርብ ቤከር የተባለው የደን ሹም በ1922 ከኪኩዩው አለቃ ከጆሳያ ንጆንጆ ጋር «የዛፍ ሰዎች» የተባለውን ማኅበር አቋቋመ። ኪኩዩዎች ለዘርም ለአዝመራም ጭፈራ ሲኖራቸው ዛፍ መትከል ግን የአምላክ ጉዳይ ነው ይሉ ስለነበር፣ ቤከር «የዛፍ ጭፈራ» እንዲዘጋጅ አደረገ። የተመረጡት ወጣቶችም በየዓመቱ አሥር አሥር ዛፍ ለመትከል ቃል ገቡ። ታሪኩን በዋናነት የሚነግረን ራሱ ቤከር ስለሆነ ድምቀቱን ትንሽ ቀነስ አድርጎ ማንበብ ሳይሻል አይቀርም።

ለጥያቄው ይበልጥ የሚቀርበው ግን ዋትል የተባለው ዛፍ ነው። ቅርፊቱ ለቆዳ ፋብሪካ ይሸጣል፣ እንጨቱ ለከሰልና ለቤት ማገር ይሆናል፤ ገበሬው በራሱ ማሳ ስለሚተክለው የሚከለክለው ዘበኛ የለም። ለዚህም ነው በኪኩዩ አገር የተስፋፋው።

ወይራ ጥላ

እጅግ አመሰግናለሁ። ዋትል ያላችሁት በኛ አገር የሚተከለው ዲከረንስ የተባለው ዛፍ ዘመድ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ችግኝ አፍይ

አዎ፣ የቅርብ ዘመዱ ነው። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ የሚደረገውን ብታይ ሻምባን ታስታውሳለህ፤ ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ጤፍና ዲከረንስ አብሮ ያበቅላል፣ ቀጥሎ በዛፉ መካከል የሚበቅለውን ሣር ያጭዳል፣ ከዚያም ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል። ችግኙንም እያፈላ የሚሸጠው ራሱ ገበሬው ነው። የሚለየው፣ ዛፉ ሲያጠላ መሬቱን ልቀቅ የሚለው ሰው አለመኖሩ ነው። ጽሑፍህ ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው መልካም ይመስለኛል።