«ግማሽ ተወዳዳሪ» ያልከው ሰውዬ፣ ና እስቲ እንነጋገር

የኡሜኦው፦ ትናንት ስለ አሜሪካዊቷ የስኪ ተወዳዳሪ ሺፍሪን መቶኛ ድል ስናወራ ጉርድ ሾላ የጻፈውን አንብቤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቃል በቃል ይኸው፦ «ስቴንማርክ ሁለት ዓይነት ውድድር ብቻ የሚያውቅ ግማሽ ተወዳዳሪ ነበር፤ 86 ድል ምናምን እያላችሁ አታካብዱ።» ግማሽ? በምሰሶዎች መሀል እየተጠማዘዙ ከሚወርዱት ውድድሮች 46 ጃይንት ስላሎምና 40 ስላሎም ያሸነፈው የስዊድኑ ኢንገማር ስቴንማርክ ግማሽ? በ1989 ስኪውን ከሰቀለ በኋላ ክብረ ወሰኑ እስከ 2023 ማንም ሳይነካው የቆየ ሰው?

ጉርድ ሾላ፦ ስለ እንቅልፍህ ይቅርታ፤ ቃሌን ግን አላነሳም። አልፓይን ስኪ፣ ከተራራ ቁልቁል የሚወረደው ማለት ነው፣ ስላሎም ብቻ አይደለም። በፍጥነት ቁልቁል የሚወረድበት ዳውንሂል አለ፣ ከእሱ ትንሽ ጠምዘዝ የሚለው ሱፐር ጂ አለ። ሺፍሪን በሁሉም አሸንፋለች። እሱ በዳውንሂል ስንት አሸነፈ? ዜሮ። በሱፐር ጂ? ዜሮ። ታዲያ ግማሽ ካላልኩት ሩብ ልበለው?

ማርሽ ቀያሪ፦ በዚህ ሂሳብ ኃይሌም ግማሽ ሯጭ ነው፤ መቶ ሜትር አልሮጠልንም።

ጉርድ ሾላ፦ ኃይሌን እዚህ አታስገቡት። መቶ ሜትርና 10 ሺህ ሜትር ደምሮ ዋንጫ የሚሰጥ የለም። በስኪ ግን አለ፤ ትልቁ የዓለም ዋንጫ የሁሉም ዓይነት ነጥብ ተደምሮ ነው የሚሰጠው። እሱን ደግሞ ስቴንማርክ ሦስቴ ብቻ ነው የወሰደው፤ 1976፣ 77 እና 78። የኦስትሪያው ሂርሸር ስምንት አለው፣ ያውም በተከታታይ።

የኡሜኦው፦ እሰይ! እዚህች ላይ እንድትመጣልኝ ነበር የምጠብቀው። ለምን 78 ላይ ቆመ? ደንቡን ቀየሩበታ! የ1979ን ወቅት እይ። አሥር ጃይንት ስላሎም ተካሄደ፣ አሥሩንም አሸነፈ። ሦስት ስላሎም ጨመረበት፣ 13 ሆነ። በዋንጫው ስንተኛ ወጣ? አምስተኛ! ከእያንዳንዱ ዓይነት ሦስት ምርጥ ውጤት ብቻ ነበር የሚቆጠረው። አንድ ድል 25 ነጥብ፣ ሦስቱ 75፣ በሁለት ዓይነት 150። ከዚያ በላይ ቢበርም አያገኝም። 150ዋን ሙልጭ አድርጎ ወሰደ፤ የስዊዘርላንዱ ሉሸር በ186 ዋንጫውን ይዞ ሄደ። የቀሩትን ሰባት ጃይንት ስላሎሞች ውሃ በላቸው።

ጉርድ ሾላ፦ እኔስ ምን አልኩ? ዳውንሂል ቢወዳደር ኖሮ ነጥብ ነበረው። ደንቡ «ሙሉ ሁን» ነው ያለው።

የኡሜኦው፦ ሂርሸርህ ታዲያ ሙሉ ነው? ከ67 ድሉ ሱፐር ጂ አንድ ብቻ። ዳውንሂል ዜሮ። ግማሽ ከትንሽ በለው።

የቪየናዋ፦ ሂርሸርን ለቀቅ! እኔ እዚህ የለሁበትም ብዬ ዝም ብል ሰው አትነካኩ።

ማርሽ ቀያሪ፦ እትዬ፣ ኦስትሪያን ትቶ ለሆላንድ የተሰለፈውን ሂርሸር ነው?

የቪየናዋ፦ እናቱ ሆላንዳዊት ናት፣ ምን አለበት? ደግሞ ሲመለስ ወዲያው ጉልበቱን ተጎዳ፣ ያም ያሳዝናል እንጂ አያስቅም። አንተ ራስህ ስንት ፓስፖርት ነው ያለህ?

ማርሽ ቀያሪ፦ እሱን በግል እንነጋገር።

የድሮ ሰው፦ ልጆች፣ እኔ ስለ ነጥቡ አልገባኝም። በሱዳን በኩል አድርጌ ስዊድን የገባሁት በፈረንጅ በ86 ነው። ሰሜን ውስጥ አንድ የስደተኛ ማቆያ አስቀመጡን። ቲቪው አንድ፣ እኛ ደግሞ ከስድስት አገር። አንድ ቀን በረዶ የሚጠርገው ሽማግሌ አካፋውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። ጫማው ላይ ያለው በረዶ እየቀለጠ ምንጣፉን ያበሰብሳል፣ አይገባም፣ አይወጣም። ሌላ ጊዜ ምንጣፍ ላይ አፈር ብናስነካ ይቆጣን ነበር። ቲቪው ላይ አንድ ሰው በእንጨቶች መሀል ይወርዳል። ከሠላሳ ሰከንድ በኋላ ሽማግሌው «ኢንገማር» አለ፣ አካፋውን አንስቶ ወጣ። ለእኔ ስዊድን ማለት ያ ነው። የሁለት ዙር ሰዓት ተደምሮ ነው አሸናፊ የሚለየው አሉ፤ ሁለተኛው ዙር ሲሆን ትምህርት ቤት እንኳን ትምህርት ቆሞ ልጆች ይመለከቱ ነበር ይሉኛል የሥራ ባልደረቦቼ። ለግማሽ ሰው ነው ይህ ሁሉ?

የቪየናዋ፦ ጋሼ፣ ያቺን አካፋ ወደድኳት።

ጉርድ ሾላ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ መወደድ ሌላ፣ ሙሉ መሆን ሌላ። እሱ ራሱ እኮ በ2023 ሺፍሪን ልትደርስበት ስትል ከእኔ በጣም ትበልጣለች ብሏል። እናንተ ከባለቤቱ በላይ ልትቆረቆሩ ነው? ከዚያም 86ኛውንና 87ኛውን ድሏን በሁለት ቀን፣ ኦሬ ላይ፣ በገዛ አገሩ አደረገችው።

የኡሜኦው፦ ያ ሰው መቼ ስለ ራሱ ተናግሮ ያውቃል? ወርቅ ወስዶ እንኳን ሁለት ቃል አውጣ ቢሉት ጭንቅ ነው። የታርናቢ፣ የዚያች የሰሜን ስዊድን መንደር ሰው ነው፤ እዚያ የሚያወራው ነፋስ ብቻ ነው። ትሕትናውን ማስረጃ አድርገህ አታቅርብ።

ማርሽ ቀያሪ፦ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። 1972 ላይ ምሩጽ ሁለት ወርቅ፣ ስቴንማርክም ሁለት ወርቅ። ስቴንማርክ በሁለቱም ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ከኋላ ነበር፤ በጃይንት ስላሎም ሦስተኛ፣ በስላሎም አራተኛ። በሁለተኛው ዙር ማርሽ ቀየረ። ስሜን ከማን እንደወሰድኩ ታውቃላችሁ።

ጉርድ ሾላ፦ 1972 ሙኒክ ነው ወንድሜ፣ ምሩጽም ነሐስ ነው ያመጣው። ቁጥር ስትጠራ ተጠንቀቅ።

ማርሽ ቀያሪ፦ በእኛ አቆጣጠር ነው የምልህ! 1972 ዓ.ም.! ሌክ ፕላሲድና ሞስኮ! ጉርድ ሾላ ተቀምጠህ በፈረንጅ ትቆጥራለህ፣ እኛ ዳላስ ሆነን በኢትዮጵያ።

የቪየናዋ፦ ሃሃሃ፣ ይሄኛው ገባበት።

ጉርድ ሾላ፦ እሺ ይሁን። ግን በረዶ ላልበዛበት አገር ሰው ይህን ያህል መናደድ አልበዛም? ስቴንማርክ ምናችሁ ነው?

የኡሜኦው፦ ሮቤል ተክለማርያም ቱሪን 2006 እና ቫንኩቨር 2010 ባንዲራችንን ይዞ በበረዶ ሲወዳደር ምናችን ነበር?

ጉርድ ሾላ፦ እሱ አገር አቋራጭ ነው፣ አልፓይን አይደለም። አየህ፣ ሲመችህ ሁሉም ስኪ አንድ ይሆናል፣ ሳይመችህ ስላሎም ለብቻው ይቆማል።

የኡሜኦው፦ ዳውንሂልን ፈርቶ ነው እያልክ ከሆነ ደግሞ ልንገርህ። በመስከረም 1979 ለዳውንሂል ሲለማመድ ጣሊያን ውስጥ ወድቆ ጭንቅላቱን ክፉኛ ተመታ። በአምስተኛው ወር ሁለቱን ወርቅ አነሳ። በ1981 ደግሞ ከኪትስቡኸል ቁልቁለት፣ ከዓለም አስፈሪ ከሚባለው፣ ወርዷል። የዳውንሂልና የስላሎም ውጤት ለሚደመርበት ለጥምር ውድድር ነጥብ ሲል።

ጉርድ ሾላ፦ ስንተኛ ወጣ?

የኡሜኦው፦ ወርዷል አልኩህ።

ጉርድ ሾላ፦ ስንተኛ?

የኡሜኦው፦ 34ኛ። እና? አንተ ከዚያ ላይ በታክሲ ትወርዳለህ?

የቪየናዋ፦ ኪትስቡኸልን ሄጄ ከታች አይቼዋለሁ። መነሻው ላይ እንኳን ስኪ፣ ቆሞ ማየት ያዞራል። 34ኛ ክብር ነው።

ጉርድ ሾላ፦ ይሁን፣ ደፋር ነው። ሳራዬቮ 1984 ግን የት ነበር? ታግዶ ቤቱ! ከስፖንሰር በቀጥታ ገንዘብ ለመቀበል ቢ ፈቃድ የሚሉትን አወጣ፣ ኦሎምፒኩ ዘጋው። ምሩጽን በ76 ከሞንትሪያል ያስቀረው የአፍሪካ አገሮች ያለመሳተፍ ውሳኔ ነው፤ ይሄ በራሱ ምርጫ። ደግሞም ግብር ሲበዛበት ሞናኮ ገባ። የጋሼ ሽማግሌ አካፋ ይዞ ግብሩን እየከፈለ፣ ኢንገማር ሞንቴ ካርሎ!

የድሮ ሰው፦ ሽማግሌውን አትንካው።

የኡሜኦው፦ ያ እገዳ ግፍ ነበር! በዚያው ደንብ የሊክተንስታይኗ ሃኒ ቬንዝልም ቀረች፣ በሌክ ፕላሲድ ሁለት ወርቅ የወሰደችው። ሌሎቹ በፌዴሬሽን በኩል አዙረው ሲበሉ «አማተር» ተብለው ገቡ። እሱ በግልጽ ስለተቀበለ ወንጀለኛ? አሁን ሁሉም በግልጽ ይቀበላል፣ ማንም አይታገድም። በል «ግማሽ» የምትለዋን ቃል አንሳ።

ጉርድ ሾላ፦ ስልሳ በመቶ ላድርገው?

ማርሽ ቀያሪ፦ ሰማንያ በልና እንገላገል፣ ሥራ ልገባ ነው።

የኡሜኦው፦ በችርቻሮ አንሸጥም።

ጉርድ ሾላ፦ ሞናኮዋን ግን አልመለስክልኝም።